ከመስኮቱ በኋላ ያለው መዝገብ፦ በሰፊው ለተሰራጨ የተማሪ ቪዛ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ባለፉት ሳምንታት በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለመማር በሚያመለክቱ ወጣቶች ዘንድ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። የተማሪ ቪዛ የሚገኝበትን «ምሥጢር» እገልጣለሁ የሚለው ይህ ጽሑፍ ለእኔ ብቻ ከአራት ሰዎች ተልኮልኛል። ሁለቱ «እውነት ነው ወይ?» ብለው የጠየቁኝ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ግን ምክሩን ተቀብለው መዘጋጀት የጀመሩ ነበሩ። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስገደዱኝ የኋለኞቹ ናቸው።

ጸሐፊው የሚሉትን በቅድሚያ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ቪዛ የሚሰጠውም የሚከለከለውም በቃለ መጠይቁ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ፣ ተማሪው ለሌሎች የሠሩ መልሶችን በቃሉ አጥንቶ ይቅረብ ይላሉ፤ በተለይም ከምረቃ በኋላ ሠርቶ ልምድ የመቅሰም ሐሳብ እንዳለው ፈጽሞ አይተንፍስ፣ ይልቁንም ተመልሶ የሚረከበው የቤተሰብ ድርጅት እንዳለ ይናገር፣ ባይኖርም እንኳ። የገንዘብ ማስረጃ ማለት በማመልከቻው ሰሞን በባንክ ሒሳብ ውስጥ የሚታየው ቁጥር ነውና ለጥቂት ቀናት ተበድሮ ማስገባት ይበቃል ይላሉ። አንዴ የተከለከለ ሰው ስሙ ስለሚበላሽ ክልከላውን ደብቆ በሌላ አገር ቆንስላ ይሞክር ይላሉ። ቅጹን ኤጀንት ቢሞላው እንደሚሻልና ስሕተት ቢገኝም ተጠያቂው ኤጀንቱ እንደሆነ ይገልጻሉ። በመጨረሻም ዋናው መግባት ነው፣ በፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ ትምህርት መቀነስም ሆነ በጎን መሥራት የሚያሳስብ ጉዳይ አይደለም፣ ማንም አይቆጣጠርም ሲሉ ይደመድማሉ።

ከዚህ ውስጥ የምስማማበት አለ። የተማሪ ቪዛ ቃለ መጠይቅ በእርግጥ አጭር ነው። አጭርና ቀጥተኛ መልስ ስጡ፣ ያልተጠየቃችሁትን ሰነድ ቃለ መጠይቁ በሚካሄድበት የቆንስላ መስኮት አታጉርፉ፣ ቀጠሮ ቀድማችሁ ያዙ ማለታቸው ተገቢ ምክር ነው፤ የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ትምህርቱ ከመጀመሩ እስከ 365 ቀን ቀድሞ ሊሰጥ የሚችል በመሆኑ የመጨረሻውን ሰዓት መጠበቅ ትርፍ የለውም። የቪዛ መኮንኑ ሥልጣን ሰፊ ነው ማለታቸውም ልክ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 የአንዲት ዜጋን ባል በሚመለከተው የሙኞዝ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ፍርድ ቤቶች የቆንስላን የቪዛ ክልከላ በመርህ ደረጃ እንደማይመረምሩ የሚለውን የቆየ አቋም አጽንቶታል። ልዩነታችን የሚጀምረው ከዚህ በምንስበው መደምደሚያ ላይ ነው። ጸሐፊው መስኮቱን ማለፍ የጉዳዩ ፍጻሜ ይመስላቸዋል፤ በእኔ አመለካከት ግን መስኮቱ ለዓመታት የሚቆይ መዝገብ የሚከፈትበት ቦታ ነው፣ በዚያ ቀን የተነገረውም ሁሉ ወደፊት ከሚነገረው ጋር ይመሳከራል። የአምስቱም ምክሮች ጉድለት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። የጸሐፊው ስጋት መሠረት የለሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ በአንቀጽ 214 ንዑስ አንቀጽ ቢ፣ ከጥቂት የቪዛ ዓይነቶች በስተቀር፣ ማንኛውም አመልካች ተቃራኒውን ለመኮንኑ እስኪያሳምን ድረስ በቋሚነት ለመኖር የሚመጣ ሰው ተደርጎ እንደሚገመት ይደነግጋል። ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ ደግሞ አመልካቹ ጨርሶ ሊተወው የማያስበው መኖሪያ በውጭ አገር እንዲኖረው ይጠይቃል። ስለዚህ በመስኮቱ ቆሞ «ተምሬ እዚያው እቀራለሁ» በሚል ሰው ላይ በሩን የሚዘጋበት ሕጉ ራሱ ነው። እስከዚህ አንለያይም።

ነገር ግን የዚያው ቪዛ ደንብ ለተመራቂ ተማሪ በተማረበት ሙያ 12 ወር የሚሠራበትን፣ ኦፒቲ በሚል ስም የሚታወቀውን ፈቃድ ያካትታል፤ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ዘርፍ ለተመረቀ ደግሞ ሌላ 24 ወር ሊጨመርለት ይችላል። ይህ በይፋ የታወጀ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው የሚያስተዋውቁት መብት ነው። ሁለት ዓመት በኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ለመማር የሚሄድ ሰው ስለ ኦፒቲ ሲጠየቅ ስሙን እንኳ ሰምቼ አላውቅም ቢል፣ መኮንኑ ከሁለት አንዱን ይደመድማል፤ ወይ እየዋሸ ነው፣ ወይ የሚሄድበትን ነገር አላጠናም። የትኛውም አይጠቅመውም። «ዋናው ዓላማዬ ዲግሪው ነው፤ ደንቡ የሚፈቅደውን የተግባር ሥልጠና ካገኘሁ እጠቀምበታለሁ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በዚህ በዚህ ዘርፍ ልሠራ አስባለሁ» ማለት ግን ከሕጉም ከእውነቱም ጋር የሚሄድ መልስ ነው። ጊዜያዊ ፈቃድን በጊዜው ለመጠቀም ማሰብና መኖሪያን ለመተው መወሰን አንድ አይደሉም።

ምክሩ ከአሜሪካ ውጭ ሲወሰድ ደግሞ ጭራሽ ቦታውን ይስታል። ጸሐፊው «ኤምባሲዎች» እያሉ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከተዋቸዋል። የካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ በአንቀጽ 22 ንዑስ አንቀጽ 2፣ አንድ ሰው ወደፊት ቋሚ ነዋሪ የመሆን ሐሳብ ስላለው ብቻ ጊዜያዊ ፈቃድ እንደማይከለከል በግልጽ ይናገራል፤ የሚፈለገው የተፈቀደለት ጊዜ ሲያበቃ እንደሚወጣ መኮንኑን ማሳመን ነው። አውስትራሊያ «በእውነት ለጊዜው የሚገባ ሰው» የሚለውን መመዘኛ እ.ኤ.አ. ከማርች 23 ቀን 2024 ጀምሮ ሽራ «እውነተኛ ተማሪ» በሚለው የተካችው፣ አንዳንድ ተማሪ ከትምህርቱ በኋላ የመቆየት ፍላጎት ሊኖረው እንደሚችል በመቀበል ጭምር ነው። ብሪታንያ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለተመራቂዎች የሥራ ቪዛ ከፍታለች፤ ጀርመንም ለተመራቂ ሥራ የሚፈልግበት እስከ 18 ወር ትሰጣለች። በእነዚህ አገሮች ስለ ትምህርቱና ስለ ሙያው ሲጠየቅ የምረቃ ማግሥት አውሮፕላን እንደሚሳፈር ብቻ የሚደጋግም አመልካች፣ ጥያቄውን ሳይሰማ ከሌላ አገር ፈተና የተቀዳ መልስ ይዞ የመጣ ይመስላል። ደግሞም እንደዚያው ነው።

በቃል የተጠና መልስ ሌላም ችግር አለበት፤ ይህኛው ሕግ ሳይሆን ተራ ሒሳብ ነው። አንድን ዓረፍተ ነገር ሺህ ሰው ካነበበውና ሺህ ሰው በዚያው ቃል ከመለሰ፣ ዓረፍተ ነገሩ ስለ ማንም ምንም አይናገርም። ጽሑፉ በሰፊው በተሰራጨ ቁጥር በውስጡ ያለው «ምሥጢር» ዋጋ ያጣል። ዩኒቨርሲቲውን ለምን መረጥክ ሲባል ስለ ምርጥ መምህራንና ስለ ብዝኀነት አንድ ገጽ የሚወርድ ተማሪ፣ ቀጥሎ «በመጀመሪያው ሴሚስተር ምን ምን ኮርስ ትወስዳለህ?» ሲባል ይደነቃቀፋል። አንዲት ተማሪ ግን «ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለውኝ ነበር፤ ይህኛው የውኃ ጥራት ላቦራቶሪ ስላለው፣ የክፍያ እገዛውም ስለሚሻል መረጥኩት» ብትል፣ ንግግሯ ባያምርም የራሷ ስለሆነ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢጠይቋት አትፈርስም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልመንላቸው። በልብ ያለን ምኞት ሁሉ አለመዘርዘር ማጭበርበር አይደለም፤ ያልተጠየቁትን አለመናገርም እንዲሁ። እሳቸው ግን በዚህ አላቆሙም፤ የሌለ ድርጅት እንዳለ፣ የሌለ ሥራ እንደሚጠብቅ ንገሩ ብለዋል። ይህ ፍሬ ነገርን በሐሰት ማቅረብ ነው። በአሜሪካ በአንቀጽ 214 ቢ የተከለከለ ሰው የጊዜ ገደብ የለበትም፤ ሁኔታው ሲሻሻል፣ ከፈለገም በሚቀጥለው ወር፣ እንደገና ክፍያውን ፈጽሞ ማመልከት ይችላል። ለቪዛ ሲል ወሳኝ ጉዳይን አውቆ በሐሰት ያቀረበ ሰው ግን በአንቀጽ 212 መሠረት ልዩ ይቅርታ ካልተደረገለት በስተቀር ለዕድሜ ልኩ ይታገዳል። በካናዳ እገዳው 5 ዓመት፣ በብሪታንያ እስከ 10 ዓመት ነው፤ በአውስትራሊያ በሐሰተኛ ሰነድ ምክንያት 3 ዓመት፣ ማንነትን በሚመለከት ከሆነ 10 ዓመት ይደርሳል። ጸሐፊው ሊድን የሚችልን ክልከላ ለመሸሽ በማይድነው እንድንለውጠው እየመከሩን ነው። ሐሰት ስንቅ እንጂ ቀለብ አይሆንም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ መንገዱን ቢያሻግር እንኳ አያኖርም። መኮንኑ የሚያየውም አፍ የተናገረውን ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የቪዛ ቅጽ የአምስት ዓመት የማኅበራዊ ሚዲያ መለያ ስሞችን ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 ወዲህም የተማሪና የልውውጥ ቪዛ አመልካቾች ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ተነግሯቸዋል። በመስኮቱ «የቤተሰብ ድርጅት» ያለ ሰው በገጹ ላይ ሌላ ሕይወት ካለው ሁለቱ መገናኘታቸው አይቀርም።

ስለ ገንዘብ የተባለው አጭር መልስ ይበቃዋል፤ ምክሩን ደንቦቹ ራሳቸው አስቀድመው አፍርሰውታልና። ብሪታንያ ገንዘቡ ለ28 ተከታታይ ቀናት በሒሳቡ ውስጥ እንዲቆይ፣ የዚያ ጊዜ መጨረሻም ከማመልከቻው ቀን በፊት ባሉት 31 ቀናት ውስጥ እንዲውል ትጠይቃለች። ለካናዳ የሚቀርበው የባንክ ስቴትመንት የአራት ወር ነው፤ የሚፈለገው የኑሮ ገንዘብም ለአንድ ተማሪ ከ10,000 የካናዳ ዶላር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ወደ 20,635፣ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ወደ 22,895 ከፍ ብሏል። ጀርመን በአብዛኛው ገንዘቡ ከመነሻው በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥና በየወሩ ተቆርጦ እንዲወጣ ታደርጋለች፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ተበድሮ ለሳምንት አስገብቶ ለባለቤቱ የሚመለስ ገንዘብ በእነዚህ በየትኛውም አያሳልፍም። ዘመድ ስፖንሰር ማድረጉ ሕጋዊ ነው፣ የትምህርት ብድርም በአግባቡ ከተያዘ ማስረጃ ይሆናል፤ በዚህ ረገድ ጸሐፊው ተማሪውን ማጽናናታቸው መልካም ነበር። ግን ገንዘቡ የሚፈለገው ለመኮንኑ ለማሳየት ብቻ እንደሆነ አድርገው ማቅረባቸው የበለጠውን ጉዳት ይደብቃል። የሁለተኛው ሴሚስተር ክፍያ ሲደርስ መክፈል ያልቻለ ተማሪ መመዝገብ አይችልም፤ ያልተመዘገበ ተማሪ ደግሞ የሙሉ ጊዜ ተማሪ አይደለም፤ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ያልሆነ ሰው የመጣበትን መሠረት ያጣል። የተበደረው ቁጥር መዘዝ የሚታየው ቪዛው ከተመታ ከስድስት ወር በኋላ ነው።

ክልከላን ስለመደበቅ የተሰጠው ምክር ከአምስቱ እጅግ አደገኛው ይመስለኛል። የአሜሪካው ዲኤስ-160 ቅጽ አመልካቹ ከዚህ ቀደም የአሜሪካ ቪዛ ተከልክሎ እንደሆነ ይጠይቃል። የካናዳው ቅጽ ካናዳ ብቻ ሳትሆን ማንኛውም ሌላ አገር ከልክሎት እንደሆነ ይጠይቃል፤ የብሪታንያውም በተመሳሳይ። እዚህ ላይ «የለም» ብሎ መጻፍ በጽሑፍ የተፈረመ ሐሰት ነው፤ ያውም ለማጣራት እጅግ የቀለለ ሐሰት፤ ምክንያቱም አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የአመልካቾችን የጣት አሻራ የሚያመሳክሩበት ስምምነት አላቸው። ክልከላው በመዝገብ ይቆያል ማለታቸው እውነት ነው። ነገር ግን የሚቆየው እንደ አንድ የታሪክ ነጥብ ነው፤ ተከልክለው በኋላ ያገኙ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ለተከለከለ ሰው የሚጠቅመው የክልከላውን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ነው። በአሜሪካ በአንቀጽ 221 ንዑስ አንቀጽ ጂ የተያዘ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የጎደለ ሰነድ ወይም ተጨማሪ ማጣሪያ ማለት ስለሆነ፣ የተጠየቀውን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይቻላል፤ ይህን እንደ መጨረሻ ክልከላ ቆጥሮ ፋይሉን የሚጥል ሰው በከንቱ ይጎዳል። በብሪታንያ ከውጭ ያመለከተ ተማሪ በ28 ቀናት ውስጥ አስተዳደራዊ ማጣሪያ፣ ማለትም ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት፣ መጠየቅ ይችላል። በካናዳ ጉዳዩ ከአገር ውጭ ከተወሰነ በ60 ቀናት ውስጥ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። ጸሐፊው ስለ እነዚህ መንገዶች አንድ ቃል አልጻፉም፤ በምትኩ በጎረቤት አገር ቆንስላ ሞክሩ ብለዋል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ አመልካቾች በዜግነታቸው ወይም በሚኖሩበት አገር እንዲያመለክቱ መመሪያ ሰጥቷል።

ኤጀንትን በሚመለከት ልምዴን ልናገር። ተማሪ ሳለሁ ቅጹን የሞላልኝ የከፈልኩት ኤጀንት ነበር። ከቀጠሮዬ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ቅጂውን ስቀበል፣ ረግጬው በማላውቀው መሥሪያ ቤት ለሁለት ዓመት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆኜ አገኘሁት። ስጠይቀው «ፋይልህን ለማሳመር ነው» አለኝ፤ ሕይወቴን ለማሳመር የእኔ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የታየው አይመስልም። ቀጠሮውን አራዝሜ ቅጹን እንደ አዲስ ሞላሁት። ባላየው ኖሮ ግን ተጠያቂው ማን እንደሚሆን ቅጹ ራሱ ይናገራል፤ ዲኤስ-160 ሌላ ሰው ቢያግዝም የአጋዡ ስም እንዲጻፍ ይጠይቃል፣ በመጨረሻም መልሱ ሁሉ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጠው አመልካቹ ነው።

ለዚህ በአደባባይ የታየ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በካናዳ በርካታ ከሕንድ የመጡ ተማሪዎች የገቡበት የዩኒቨርሲቲ መቀበያ ደብዳቤ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዶቹ ከገቡ ዓመታት አልፏቸው፣ ተምረውና ሠርተው፣ ለቋሚ ነዋሪነት ሲያመለክቱ ነው ጉዳዩ የተነሣባቸው። ደብዳቤውን ያዘጋጀው አማካሪያቸው እንደሆነ ቢናገሩም፣ ከአገር የመባረር ሥጋት የወደቀው በእነርሱ ላይ ነበር፤ መንግሥት በጁን ወር የእያንዳንዱን ጉዳይ የሚመረምር ግብረ ኃይል ያቋቋመው ከብዙ ጩኸት በኋላ ነው። ከዲሴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ የመቀበያ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ጋር እንዲመሳከር ተደረገ። ሐቀኛ ኤጀንቶች የሉም አልልም፤ ቅጹን ከተማሪው ጋር ተቀምጠው መስመር በመስመር የሚያነቡ አውቃለሁ። መለያው ግን ቀላል ነው። በካናዳ ገንዘብ ተቀብሎ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሊወክል የሚችለው ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው አማካሪ ነው፤ በብሪታንያ ሳይመዘገቡ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ወንጀል ነው፤ በአውስትራሊያም የትምህርት ኤጀንትና የኢሚግሬሽን ኤጀንት የተለያዩ ናቸው፣ ስለ ቪዛ የመምከር ፈቃድ ያለው ሁለተኛው ነው። የተመዘገበ ሰው ስሙ በይፋዊ መዝገብ ላይ ይገኛል፤ የማይገኝ ከሆነ ውይይቱ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችላል።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ፣ ማለትም «ከገቡ በኋላ ማንም አይቆጣጠርም» ወደሚለው ልለፍ። ስሕተቱ የሚጀምረው ቪዛንና ስቴተስ የሚባለውን ሕጋዊ የቆይታ አቋም አንድ አድርጎ ከማየት ነው። የአሜሪካ ቪዛ እስከ ድንበር መጥቶ ልግባ ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችል ወረቀት ነው፤ የቆይታን ርዝመት አይወስንም። ቪዛው ቀኑ ያለፈበት ተማሪ አቋሙን እስከጠበቀ ድረስ በሕጋዊነት ሊማር ይችላል፤ አዲስ ቪዛ የሚያስፈልገው ከአገር ወጥቶ መመለስ ሲፈልግ ነው። በአንጻሩ ገና አራት ዓመት የቀረው ቪዛ የያዘ ተማሪ ትምህርቱን ቢያቋርጥ ያ ወረቀት አያድነውም። ጸሐፊው የሰጡት ማጽናኛ እንግዲህ በሁለቱም አቅጣጫ የተገለበጠ ነው፤ ሊጨነቅ የማይገባውን ያስጨንቃል፣ ሊጨነቅ የሚገባውን ያስተኛል።

አቋምን መጠበቅ ምን እንደሆነ ደንቡ በቁጥር አስቀምጦታል። በአሜሪካ የባችለር ዲግሪ ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መውሰድ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ሊቆጠርለት የሚችለው አንድ ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ኮርስ ማቋረጥ የሚያስገድደው ምክንያት ቢገጥመው፣ ከማቋረጡ በፊት ዲኤስኦ የሚባለውን የዩኒቨርሲቲውን የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ኃላፊ ማስፈቀድ ይኖርበታል። ለሕመም ሲሆን በአንድ የትምህርት ደረጃ እስከ 12 ወር ድረስ የተቀነሰ ጭነት ሊፈቀድለት ይችላል። ሁሉም ነገር ያለው «በፊት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ታሞ አስፈቅዶ የቀነሰና ታሞ ሳይናገር የቀረ ተማሪ ሕመማቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንደኛው በሕጋዊነት ሲቀጥል የሁለተኛው መዝገብ ይዘጋል።

ሥራን በሚመለከት ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል። ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። ከግቢ ውጭ መሥራት በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት በመደበኛው አይቻልም። ከዚያ በኋላ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ የሥራ ልምምድ፣ ሲፒቲ በሚባለው ፈቃድ፣ ሊሠራ ይችላል፤ በሙሉ ጊዜ 12 ወርና ከዚያ በላይ የተጠቀመበት ግን በዚያ ደረጃ ኦፒቲ የማግኘት መብቱን ያጣል። ጽሑፉ ይህን ቢነግር ኖሮ ለብዙዎች በጠቀመ ነበር። በሌሎቹም አገሮች ገደቡ የተለያየ ሆኖ ሁሉም ቆጥረው ይሰጣሉ፤ በብሪታንያ ለዲግሪ ተማሪ በትምህርት ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ሆኖ በግል ሥራ ራስን መቅጠር ክልክል ነው፣ በካናዳ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ከግቢ ውጭ በሳምንት 24 ሰዓት ነው፣ በአውስትራሊያ በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት፣ በጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን ነው። ትምህርት ቤት መለወጥም በጽሑፉ እንደ ተራ ነገር ተነሥቷል፤ በካናዳ ግን ከዚያው ኖቬምበር ወዲህ ተቋም የሚቀይር ተማሪ አዲስ የጥናት ፈቃድ ማውጣት አለበት።

«ማንም አይቆጣጠርም» የሚለው በአንድ በኩል እውነት ይመስላል፤ በምግብ ቤት ጓዳ ሳህን የሚያጥብን ወይም ማታ ማታ በኢንተርኔት ፍሪላንስ የሚሠራን ተማሪ በዕለቱ መጥቶ የሚይዘው ሰው ላይኖር ይችላል። ጥያቄው የሚመጣው ተማሪው ቀጣዩን ነገር በጠየቀ ቀን ነው፤ ቪዛ ሲያድስ፣ የሥራ ቪዛ ሲጠይቅ፣ ቋሚ ነዋሪነት ሲያመለክት። ያን ጊዜ የባንክ ዝርዝርና የግብር መዝገብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባሉ። አቋሙን ያጣ ተማሪ በአሜሪካ እንዲመለስለት ማመልከት ይችላል፤ በደንቡ ከተዘረዘሩት መስፈርቶች አንዱ ግን ያለፈቃድ አለመሥራት ነው። ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት የወደቀ ሊነሣ የሚችልበት በር በጎን ሥራ ይዘጋል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ብዙዎች ሳያስቡት የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። አሜሪካ ውስጥ ማንኛውም ተቀጣሪ አይ-9 የተባለ ቅጽ ይሞላል፤ በቅጹ ላይ «ዜጋ ነኝ» የሚል ሳጥን አለ። አሠሪው ስለቸኮለ ወይም ጓደኛ ስለመከረ ያችን ሳጥን ምልክት ያደረገ ተማሪ፣ ዜግነትን በሐሰት እንደጠየቀ ይቆጠራል፤ ይህ ደግሞ በኋላ የአሜሪካ ዜጋ ቢያገባ እንኳ ቋሚ መኖሪያ እንዳያገኝ የሚያደርግ፣ ይቅርታ የማይገኝለት ሊባል የሚችል እገዳ ነው። ለጥቂት ሰዓት ደመወዝ የተደረገች አንዲት ምልክት ይህን ያህል ታስከፍላለች።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉ አልጠራጠርም፤ የአጻጻፋቸው ቅለትም ጽሑፉ ለምን እንደተነበበ ያስረዳል። ስለ ቃለ መጠይቁ አቀራረብ ወደፊትም ልንከራከር እንችላለን። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ እንዲያደርጉ በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ፦ ክልከላን ደብቁ የሚለውን ክፍል ከጽሑፋቸው ያውጡት። መጀመሪያ ካነሣኋቸው ሁለት ተማሪዎች አንዷ ቅጹን ሞልታ ለማስገባት አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር የቀራት፤ ቀደም ሲል ተከልክላ እንደሆነ በሚጠይቀው መስመር ላይ «የለም» ብላ ነበር። አብረን «አዎ» ብለን፣ የተከለከለችበትን ወርና ዓመት ጽፈን፣ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ሞላነው።